ከማረሚያ ቤቱ ጀርባ የሚሸጠው ቤት

ጥቅምት 12፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ዛሬም ሰዓት አለፈብን። እናቴ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀምጣ አረፈች። ጉልበቷ አብጧል። ማ/ቤቱ በር ስንደርስ ጥየቃው አልቋል። ዘቡ ስለሚያውቀን ምግቡን ተቀበለን እንጂ አንዷለምን አላየነውም። እናቴ ቤት ገብታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች። እስካሁን አልተነሣችም።

ደብተሬ፣ አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን ልጻፈው። ወንድሜ ከታሰረ አራተኛ ዓመቱ ነው። አሥራ አራት ይቀረዋል። በእርሻ ወሰን ጠብ የአጎታችንን ልጅ በዱላ መታው። አንድ ጊዜ ብቻ። ሞተ። ከፈረስ ቤት ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የእናቴ ቤትና የሟቹ እናት ቤት ከአንድ ምንጭ ነው የሚቀዱት። እናቴ እዚያ ምንጭ መውረድ አቃታት። እኔ ጋ መጣች። እኔም ዘጠኝ ዓመት ካስተማርኩበት ከቡሬ ዝውውር ጠይቄ ፍ/ሰላም ገባሁ፤ እሱ እዚህ ስላለ።

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ

አከራያችን ልጃቸውን ሊድሩ ነው። በትሕትና ነገሩኝ። እስከ ኅዳር መጨረሻ እንለቃለን።

ት/ቤት ከ1 ለ 5 ስብሰባ ስንወጣ አንዲት ባልደረባዬ ቤት እንደምፈልግ ሰምታ ኖሯል፤ ከማ/ቤቱ ጀርባ የሚሸጥ አለ አለችኝ። ዓመት ሙሉ ገዢ አጥቷል። ማን እዚያ ይኖራል ብላ ሳቀች። ከዚያ ወንድሜ ትዝ አላትና እጄን ያዘች። ፊቷ ደም መሰለ። እኔ ግን አልተቀየምኩም። እያሰብኩ ነበር። ቡሬ ላይ ለመምህራን ቤት ማህበር ያጠራቀምኩት ይበቃዋል።

ለእናቴ ነገርኳት። ከተኛችበት ተነሥታ ተቀመጠች። ስንት እርምጃ ይሆናል አለች።

ጥቅምት 16፣ ሐሙስ

ቤቱን አየሁ። ሁለት ክፍል፣ ጭቃው ደህና፣ ቆርቆሮው አልዛገም። ጓሮው አንድ ኮክ አለው። ከኮኩ በኋላ መንገድ፣ ከመንገዱ በኋላ አጥሩ። የጥበቃው ማማ ጓሮውን ቁልቁል ያያል። ልብስ ሳሰጣ ከላይ ሰው ቆሞ ሊያየኝ ነው።

ባለቤቱ ጋሽ ውበቱ ጡረታ የወጡ የማ/ቤት ዘብ ናቸው። ሚስታቸው ሞተችና ደምበጫ ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው።

“መምህርት፣ ቤቱን አላወድስልሽም” አሉኝ። “ልጅ ብትሆኝኝ አትግዥው እልሽ ነበር።”

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። በየቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቆጠራ አለ፤ ስም ሲጠራና “አቤት” ሲባል እጓሮ ድረስ ይሰማል። ሚስታቸው ሳትፈልግ ስሞቹን ሁሉ ሸመደደቻቸው። አንዱ ስም ሲቀር እሳቸውን ትጠይቃለች። ሁልጊዜ ተፈታ ይሏታል። ሁሉም ግን አልተፈታም።

የማን ቤተ ሰብ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ።

ጥቅምት 19፣ እሑድ

በባጃጅ ሄድን፣ ደረስን። አንዷለም ከስቷል። ጢሙን ተላጭቷል፤ እናቴ ደስ እንዲላት ነው። በሁለት ሽቦ መካከል እየተጯጯህን ነው የምናወራው። ስለ ቤቱ ነገርኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ።

“አይሆንም” አለ።

እናቴ፣ ልጄ፣ ድምፅህን በየቀኑ እሰማለሁ እኮ አለችው። መሬት መሬት አየ።

“እኔ መታሰሬ ይበቃል። እርስዎን እዚህ አጥር ሥር አላስቀምጥም። እሷም ወጣት ናት። ቡሬ ትመለስ፤ ሰው ታግባ።”

ተናደድኩ። አንተ ምን ቀርቶህ ነው የምትከለክለው፣ ቡሬንስ የተውኩት ለማን ብዬ ነው አልኩት። ጮክ ብዬ። አጠገባችን ያሉት ጠያቂዎች ዞረው አዩን። እሱ ጉልበት እንደሚስም ሰው ዝቅ ብሎ ለእናቴ እጅ ነሣና ሰዓቱ ሳይደርስ ዞሮ ሄደ። ጀርባው ጎብጧል። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም።

ያን ባልተናገርኩ።

ጥቅምት 23፣ ሐሙስ

ፈተና እያረምኩ ሦስቴ ተሳሳትኩ። እሱ ሲፈታ እኔ 48 ዓመቴ ነው። ቤቱን ከገዛሁ እዚያው ነኝ። ማንም አይገዛኝም፤ ቤቱን ማለቴ ነው፣ ማንም አይገዛውም። ቡሬ ሁለት ዓመት የጠበቀኝ መምህር ሰኔ ላይ አግብቷል። ለሠርጉ ጠርቶኝ ነበር። አልሄድኩም።

እናቴ ግን ስለ ቤቱ ከነገርኳት ጀምራ ትበላለች። ፀጉሯን ተቀብታለች። ጓሮው ላይ ጎመን እተክላለሁ ትላለች። ይሄን አይቼ እንዴት እምቢ እላለሁ?

ቅዳሜ ላሳያት ጋሽ ውበቱን ቀጠርኳቸው። ካየችውና ከወደደችው እገዛለሁ። አንዷለምም ውሎ አድሮ ይለምደዋል።

ጥቅምት 25፣ ቅዳሜ

ደብተሬ፣ በተራ ልጻፈው።

እናቴን ጋሽ ውበቱ ጓሮ ኮኩ ሥር አስቀምጬ ለአንዷለም ሹራብ ላቀብል ማ/ቤቱ በር ሄድኩ። ይቅርታም ልልክበት። ዘቡ ስሙን መዝገብ ላይ ፈለገ። አላገኘውም። ሌላ ሰው ጠራ። እሱ ነው የነገረኝ፤ ትናንት ደ/ማርቆስ ተዛውሯል። ምን አጠፋ አልኩ። ምንም። በራሱ ማመልከቻ ነው፤ ሰኞ አስገባ፣ ዓርብ መኪና ነበር፣ አብሮ ሄደ። ምክንያት ብሎ የጻፈውን አነበበልኝ፦ “ቤተ ሰቦቼ በኔ ምክንያት ኑሯቸውን እንዳያበላሹ።”

ሹራቡን ይዤ ተመለስኩ። እንዴት እንደምነግራት አላውቅም። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ልጀምር ስል 11 ሰዓት ሆነ።

ስም መጠራት ጀመረ። ከነፋሱ ጋር ይመጣል፣ ይጠፋል። የስሙ ግማሽ አይሰማም። “አቤት” ግን ይሰማል። ወፍራም፣ ቀጭን፣ የደከመው። እናቴ ዝም በይ ብላ እጇን አነሣች። አንገቷን ወደ አጥሩ አሰገገች። ከዚያ እጄን ጨመቀችው።

“ሰማሽው፣ አንች? አቤት አለ። ጉንፋን ይዞታል።”

ፈገግ ብላለች። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ አይቻት አላውቅም።

ሰምቼዋለሁ አልኳት።

ጥቅምት 26፣ እሑድ

ዛሬ ጥየቃ የለም ብዬ ዋሸኋት። ግድ የለም፣ ትናንት ሰምቸዋለሁ አለች። ዕቃ መቋጠር ጀምራለች። ድስቶቹን በጨርቅ ትጠቀልላለች።

ብገዛውስ? በየቀኑ ትሰማዋለች። እሑድ እሑድ ምን እላታለሁ? አንድ ሰበብ፣ ሁለት ሰበብ። አሥራ አራት ዓመት?

ጥቅምት 28፣ ማክሰኞ

ነገርኳት። ከት/ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ። ደ/ማርቆስ ወስደውታል አልኩ። መቼ አለች። ዓርብ። በጣቷ ቆጠረች፤ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ጮኻ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ጠቅልላ የያዘችውን ድስት ጭኗ ላይ አደረገችው።

“ታዲያ ያ አቤት ያለው የማን ልጅ ነው?”

አላውቅም አልኩ።

“እናቱ ሩቅ ይሆናል አገሯ” አለች። “ጉንፋን ይዞታል እኮ።”

ለምን እንደተዛወረ አልጠየቀችኝም። እኔም በራሱ ማመልከቻ መሆኑን አልነገርኳትም። ይህን አንተ ብቻ ያዝልኝ።

ኅዳር 1፣ ዓርብ፣ ማለዳ

ትናንት ጋሽ ውበቱ ጋ ሄጄ አልገዛም አልኳቸው። ደግ አደረግሽ አሉ፤ ፊታቸው ግን ጠቆረ። ደምበጫ መሄዳቸው እንደገና ሊዘገይ ነው። እስከ በር ሸኙኝ።

እናቴ ደ/ማርቆስ ቤት እንፈልግ ትላለች። አይሆንም አልኳት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያም ቢያዛውሩት ወደ ሌላ፣ ከዚያም ወደ ሌላ፤ ቤት ተሸክሜ አልከተለውም። ወር በወር በአውቶቡስ ይዣት እሄዳለሁ። እዚህ አስፋልቱ ዳር አንድ ክፍል እከራያለሁ። ቡሬ ላሉት የማህበሩ ሰዎች ዛሬ እደውላለሁ፤ ስሜ ከዝርዝሩ ካልወጣ። መኖር እፈልጋለሁ፤ ይህንም መጻፍ ያሳፍረኛል።

እናቴ አኩርፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። አልነቃችም መስሎኝ ነበር። አሁን ጠራችኝ። ሹራቡን ለዚያ ጉንፋን ለያዘው ልጅ ስጭው እያለች ነው። ስሙን አናውቀውም እኮ ብላት፣ ዘቡን ጠይቂው፣ የሚስለውን በይ አለችኝ። አንዷለምስ ይብረደው ወይ አልኳት። አየኋት፣ እያለቀሰች ነው።