የዋንዛው ቁምሳጥንና እርጥቡ ግድግዳ

ሐምሌ 9

ዛሬም ዶፍ። ከትናንት ወዲያ ያጠብኩት ልብስ አሁንም ጠብ ጠብ ይላል። የባሌ የያደሳ ጫማ ሻግቷል። እኛም አብረን ሳንሻግት…

የእማዬን ክፍል ልጠርግ ገባሁ። የቁምሳጥኗ ጀርባ ነጭ ሻጋታ! አባዬ ሲያገባት ያሠራላት የዋንዛ ቁምሳጥን እኮ ነው። አባዬ ካረፈ በኋላ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ይዛ የመጣችው እሱንና አንድ ሻንጣ ብቻ። ውስጡ የአባዬ ልብስ ነው ያለው። የራሷን ከሻንጣው አላወጣችም። ከፋሲካ ጀምሮ ሻንጣው አልጋ ስር… "ምን ያስቸኩላል?" ትላለች። ልጇ ቤት እንግዳ ናት እንዴ?

ሐምሌ 12

ከገበያ ወፍራም ላስቲክ ገዝቼ ቁምሳጥኑን ከላይ እስከ ታች ጠቀለልኩት። ጎበዝ ነኝ! እማዬ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና፣ "ምነው ማራኪ፣ ገነዝሽው እኮ!"

ያደሳ ሳቀ። ቁምሳጥኑን "ሰውዬው" ነው የሚለው። "እማማ፣ ሰውዬውን እንዳይበርደው ብላ ነው።"

ሐምሌ 24

ጉድ ሆንኩ። ላስቲኩን ብገልጠው ውስጡ ውሃ በውሃ! ሻጋታው ወደ ጎንም ወጥቷል። በሩ አብጦ አልከፈት አለ። ለካ እርጥበቱን አፍኜበት ኖሯል… ምን ዓይነት ጅል ነኝ?

አናጺው ዱባለ መጣ። "በሩን ትንሽ ልላገው" ሲል እማዬ ብድግ! "መላጊያ አያርፍበትም! ያሳበጠው ክረምት ነው፣ በጋ ይመልሰዋል።"

ኋላ ለብቻችን ስንሆን፣ "ሲከፈት እኝኝ… ይላል። አባትሽ ለሥራ ሲነሳ በሱ ነበር የምነቃው" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ሐምሌ 26

ነገሩ ከግድግዳው ነው። ከጀርባው ባኞ ቤት ስላለ ሁልጊዜ ውሃ ያዣል። መላውን ያመጣችው ራሷ እማዬ ናት፦ ቁምሳጥኑ አልጋዋ ወደነበረበት ደረቅ ግድግዳ፣ አልጋዋ በሱ ቦታ። ያደሳ ቅር አለው። "ኧረ እማማ…" "ለጊዜው ነው፣ እኔ ምንም አልሆን" አለችው። ከእግሮቹ ስር ጡብ አደረግን፣ ነፋስ እንዲያገኘው ከግድግዳው ፈቀቅ አደረግነው።

ነሐሴ 5

በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩት። ሻጋታው ቀንሷል! እማዬ አልጋዋ ጋ ያለው ግድግዳ ላይ አሮጌ የአልጋ ልብስ ሰቅላለች። "ለጌጥ" አለች። ክፍሉን ወደደችው ማለት ነው? ደስ አለኝ። ትንሽ ታስላለች። ጉንፋን ነው ብላለች።

ነሐሴ 13

ሳሉ አልለቀቃትም… ወንድሜ የኔሰው ከደብረ ብርሃን ደውሎ ነበር። "ዝናቡ ሲያባራ ወደ አንተ እመጣለሁ" ስትለው ሰማሁ። ምን አጎደልኩባት?

ነሐሴ 18

አንሶላ ልቀይር ፍራሹን ብነካው፣ በግድግዳው በኩል ርሷል። የሰቀለችውን ገለጥኩ። ግድግዳው ጠቁሯል! ለጌጥ ብላኝ!

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ እሱን ወደዚህ ልትመልሺው።"

"አንቺስ?"

"የኔ ሳል ነው፣ ያልፋል። እሱ ከበሰበሰ ግን አለቀ።"

ጮህኩባት። እናቴ ላይ! ከዚያ አቅፌያት አለቀስኩ። እያሳለች የምታባብለኝ ደግሞ እሷ…

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሳንባዋን ብርድ መትቶታል። መድኃኒት ሰጧት፣ እርጥብ ቦታ እንዳትተኛ ብለዋል። ብትሞትብኝስ? ለእንጨት ብላ? እግዚኦ!

ነሐሴ 19

"ሽጡት በቃ" አለች፣ ፊቷን አዙራ። ያደሳ ሳሎን ገብቶ ቴሌቪዥኑን ከነማስቀመጫው አነሳ። ትልቁን ሶፋ ለንግድ አገር ላገር የምትዞረው ጎረቤታችን ዘይቱና ቤቷ አስቀመጠችልን። ቁምሳጥኑ ሳሎን ገባ፣ አልጋዋ ወደ ደረቁ ግድግዳ ተመለሰ። እርጥቡ ባዶውን ይቅር።

"ኳስህስ?" አለችው እማዬ።

"ካፌ አያለሁ። ሰውዬው አማቴ አይደሉ? ሳሎን ይቀመጡ እንጂ።"

ሳቀች። ሳሉ አቋረጣት፣ ግን ሳቀች። ይሄን ሰውዬ እንዴት ነው የምወደው!

ጳጉሜ 3

የሩፋኤል ዝናብ። የሰፈሩ ልጆች ደጅ ሲጨፍሩበት እማዬ በመስኮት እያየች ሳቀች። ሳሉ የለም። ስለ መሄድ ግን አልጠየቅኳትም… ፈራሁ።

ጥቅምት 8

ዛሬ በድምፅ ነቃሁ። እኝኝ…

ተስፈንጥሬ ወጣሁ። ሳሎኑን ፀሐይ ሞልቶታል። በሩ ተከፍቷል፣ ያለ መላጊያ! እማዬ ፊቱ ቆማ የአባዬን ልብሶች ወደ አንድ ጎን ገፋ ገፋ አድርጋ፣ በሌላው ጎን የራሷን ቀሚሶች ትሰቅላለች።

የሳሎኑን በር ተደግፌ አየኋት።

"ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?" አለች ሳትዞር። "ሻንጣውን ለዘይቱና ስጪልኝ። መንገድ የምትሄደው እሷ ናት።"