ስለ ኤሌክትሪኳ ፒካፕና ስላልሰጠሁት እሺታ

ለወንድሜ ለዮናስ፣

እንዴት ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ? ቅድስትስ በርትታለች? የልጃችሁ የኤደን ሳል ለቀቃት? የጅቡቲ ሙቀት ከዚህ ወር ጀምሮ እንደሚጠና ስለማውቅ ሦስታችሁን ሳላስብ የዋልሁበት ቀን የለም። እኔና ባለቤቴ ዓለምፀሐይ ደህና ነን፤ እህታችን ከበቡሽም በጤናዋ ደህና ናት። ይህን ሁሉ የምለው ከልቤ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስለማያስደስትህ፣ ተናድዶ ሰላምታ ነፈገኝ እንዳትል አስቀደምሁት።

በስልክ ያልነገርሁህ አውቄ ነው። አንተ በስልክ የተናገርኸውን በማግስቱ "እንደዚያ አላልሁም" ትላለህ። ስለዚህ ጻፍሁት፤ ጅቡቲ የሚመላለሰው ሹፌር ሰዲቅ ምሳ ሊበላ ጀውሃ ላይ ሲቆም እሰጠዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ተቀመጡ፤ ውሃ እንኳ አንጠጣም አሉ። ልጅ ልታጩ ከሆነ የምድራት ሴት ልጅ የለኝም ብላቸው አልሳቁም። ትልቁ፣ "መምህር፣ ከወንድምዎ ጋር እናስታርቅዎ ብለን ነው" አሉ። "አልተጣላንም" አልሁ። ወረቀት አወጡ። ሦስታችን ከአባታችን የወረስነውን የሮቢ ወንዝ ዳር የሽንኩርት መሬት ለአሥራ አምስት ዓመት ለነጋዴ አከራይተን፣ በአንድ ጊዜ በሚከፈለን ገንዘብ የኤሌክትሪክ ፒካፕ እንድንገዛ የሚል ውል ነው። ከጅቡቲ ፈርመህ የላክኸው ነው። የከበቡሽ አሻራም አለበት። የቀረው የእኔ ፊርማ ነው።

ከበቡሽ እንዴት ፈረመች ብዬ ጠየቅሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አራተኛ ክፍል ያስተማርሁት ነው፣ መሬት መሬት እያየ፣ "እርስዎ እሺ ማለትዎን ዮናስ በስልክ ነግሯቸው ነው" አለኝ።

መቼ ነው እሺ ያልሁህ? በጥር ስትደውል ያልሁህ "አጣርቼ እነግርሃለሁ" ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር ላልሠራ ልጅ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም፤ ላላየሁት መኪና እሺ የምል ይመስልሃል? ለታላቅ ወንድምህ ሽማግሌ መላክህስ ምን ይባላል? ጠላትህ ነኝ? ራስህ እንዳትጽፍልኝ እጅህን ምን ነካው?

ማጣራቱን ግን አጣርቻለሁ። የካራቆሬው ነጋዴ ኢብሮ አንተ የምትላትን ዓይነት ፒካፕ ገዝቷል። ሦስት ጊዜ አብሬው ሄድሁ። መጀመሪያ ባዶዋን እስከ ጀውሃ፤ ድምፅ የላት፣ ጭስ የላት፣ አልዋሽህም ወደድኋት። ሁለተኛ ስምንት ኩንታል ጭነን በዚያው ሜዳ፤ ደርሳ ተመለሰች፣ ባትሪዋ ግን ከግማሽ በታች ወረደ። ሦስተኛውን ኢብሮ እንቢ ብሎ ነበር። "መምህር፣ እኔ ዳገት አላስወጣትም፤ ገና ሙሽራ ናት" አለኝ። ሽንኩርታችን የሚሸጠው ደብረ ሲና ነው፣ ዳገቱን ካልወጣች ለእኛ ምን ትሠራለች ብዬ ለመንሁት። ከከበቡሽ ሽንኩርት ስምንት ኩንታል ጭነን፣ ባትሪዋን ሞልተን ተነሣን። አርማንያ ልንገባ ስንል አህያ የሚነዱ ሴቶች ቀደሙን፤ አንዷ "አባባ፣ ወርደው ቢያግዟትስ" አለችኝ። አርማንያ ላይ ጭራሽ ቆመች። ሻይ ቤት ገብተን ባትሪ እንሙላ ብንል መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም ተባልን። እስከ አሥር ሰዓት ጠብቀን ሽንኩርቱን ወደ አይሱዙ አዛወርን። ብትበላሽ ማን ይሠራታል ብዬ ኢብሮን ብጠይቀው፣ "አላህና ቻይናዎቹ" አለኝ።

የቤቴንም መብራት መዝግቤዋለሁ። ከየካቲት አንድ እስከ መጋቢት ሠላሳ ባለው ስልሳ ቀን ውስጥ ሳይጠፋ የዋለው አሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው።

መኪናዋ ክፉ ናት አላልሁም። ለሜዳ ትሆናለች። አንተም ወደብ ላይ ከመርከብ ስትወርድ አይተህ አምራህ ይሆናል፤ በዚያ አልቀየምህም። የተቀየምሁህ በስሜ ስለዋሸህ ነው።

ከበቡሽ ዘንድ ሄጄ እሺ አለማለቴን ነገርኋት። የሽንኩርት ችግኝ ውሃ ታጠጣ ነበር። "ጋሼ፣ አንቱ እሺ አሉ ቢለኝ እንጂ እኔ መኪና ምኔ ነው?" አለች። ውሃውን ወደ ሌላው መደብ እየመለሰችም፣ "መሬቱን ሰጥቼ ምን ልጭንባት ኖሯል?" አለች። ይህን አንተም እኔም አላሰብነውም። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ስለ ባትሪና ስለ መብራት ስጽፍ ከርሜ ይህን ጥያቄ አልጻፍሁትም። በመጨረሻ "ዮናስ ዋሸኝ ማለት ነው?" አለችኝ። መልሱን ራሱ ይስጥሽ አልኋት።

አሁን ችግኙ ደርሷል። ነጋዴው ደግሞ ለግንቦት ልደታ መሬቱን እረከባለሁ እያለ ነው። ትትከል ወይስ አትትከል? እኔ አልፈርምም፤ ይህ የመጨረሻ ቃሌ ነው። ነገር ግን አሻራዋ ወረቀቱ ላይ እስካለ ድረስ ነጋዴው ከደጃፏ አይጠፋም። አንተ ውሉን መተውህን ከጻፍህ ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ሊመልሱላት ቃል ገብተዋል። ማንበብ እንደማትችል ታውቃለህ። ደብዳቤህን የማነብላት እኔ ነኝ፤ የጻፍኸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አነብላታለሁ። "ጋሼ እሺ ብሏል ያልሁሽ ውሸት ነው" የሚል ቃል ከሌለበት ግን ለመጻፍም አትድከም። ሰዲቅ በሳምንቱ ይመለሳል።

ቅድስትን በአክብሮት ሰላም በልልኝ፤ በዚህ ነገር እጇ እንደሌለበት አምናለሁ። ኤደንን ሳምልኝ፤ የላከችልኝን ጽሕፈት አይቻለሁ፣ ቆንጆ ነው፣ መስመሩን ግን ትጠብቅ። ዓለምፀሐይ ሰላም ትልሃለች፤ ከባድ ዕቃ እንዳታነሣም ብላለች። ከበቡሽንም ሰላምታ ልጻፍልሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። "መጀመሪያ መልሱ ይምጣ" አለች።

ወንድምህ ገብረሚካኤል
ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.