እርስዎ የበሱት ጆሮ

ከእንጦጦ ተራራ ተጽፎ፣ በየካ ሚካኤል ግርጌ ላሉት ለእናቴ ይድረስ።

ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎ? እኅቴ ኢፍቱስ እንዴት ናት? ላሚቱ ወለደች? የጓሮው ገብስ ከውርጩ ተረፈ? እኔ በአምላክ ቸርነት በሕይወት አለሁ። ደኅና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። ለምን እንደ ሆነ ወደ ታች ያገኙታል።

ይህን የሚያነቡልዎ መምሬ ወልደ ኢየሱስ ናቸው። ዛሬ ለማርያም በዓል ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ስለ ወጡ ሰጠኋቸው። የነፍስ አባትዎ ባይሆኑ ኖሮ በሰው አፍ እንዲህ ያለ ነገር አልልክብዎም ነበር። መምሬ፣ እባክዎ በሩን ዘግተው ያንብቡላቸው። እርስዎም እናቴ፣ ወርዶ ለመምጣት ግማሽ ቀን የማይፈጅበት ልጅ ምን ሆኖ ወረቀት ይልካል ሳይሉ አይቀሩም። ከዘብ ቤቱ ደጃፍ ስቆም የቤትዎ ጭስ ይታየኛል። ጥዱን ሁሉ ለግቢው ሥራ ስለ ጨፈጨፉት ዐይን የሚከልል ነገር የለም። አየዋለሁ፣ እግሬ ግን አይወርድም። አፍሬ ነው፣ እናቴ።

በጆሮዬ ልጀምር፤ እሱ ይቀለኛል። አምና የበሱልኝን የቀኝ ጆሮዬን አሰፋሁት። የገዳይ ሎቲውን አውልቄ ቀዳዳውን አስደፈንሁት ማለቴ ነው። ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የሰፋኝ ከበበ የሚባል ወጌሻ ነው፤ በጦር የተቀደደ ሆድ ሰፍቶ ያዳነ ሰው ነው ይሉታል። እኔ እንኳ የሄድሁት ቅርንጫፍ ይዞኝ ተሸረከተ ብዬ ነበር። አገላብጦ አየና፣ ይህ የተሸረከተ አይደለም፣ ደኅና አድርጎ የበሳ እጅ ነው አለኝ። ከዚያ፣ የዳነ ሥጋ ከዳነ ሥጋ አይገጥምም፣ እንደ ገና ካልቈሰለ አይያያዝም ብሎ የቀዳዳውን ዙሪያ በምላጭ ፋቀው። በፈረስ ጭራ ሦስት ቦታ ሰፋና ማር ቀባበት። ጮኽሁ። ዝሆን ገዳይ ተብዬ የምጠራው ሰውዬ እንደ ሕፃን ጮኽሁ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ውጤቱ ነው። በሳምንት ይጎድላል የተባለው እብጠት አልጎደለም። ጫፉ ወደ ላይ ተሰብስቦ ከግራው በጥፍር ያህል አጥሯል። ስፌቱ ላይ ባቄላ የሚያህል ነገር ቋጥሯል። ማለዳ ማለዳ ቢጫ ውኃ ያወጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይበላኛል። ወጌሻውን ሦስት ጊዜ ሄጄ ነዘነዝሁት። በአሥራ ሁለት ቀን በጆሮ አይፈረድም፣ አርባ ቀን ጠብቅ፣ እጅህንም ሰብስብ አለኝ። እኔ ግን እጄንም አልሰበሰብሁ፣ የነጋዴ መስታወት እየለመንሁ ማየትም አልተውሁ። ባየሁት ቍጥር የባሰ ይመስለኛል።

ሎቲው በነበረ ጊዜ ጆሮዬን ልብ የሚል ጥቂት ነበር፤ አሁን የማያየው የለም። አብሮኝ ያደነው ዱቤ፣ ዝሆኑ ተመልሶ ነከሰህ እንዴ እያለ ዘቡን ሁሉ ያስቅብኛል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እኔ ነኝ። እንዳልጠየቅ ብዬ የደፈንሁት ቀዳዳ ቀን በቀን የሚያስጠይቀኝ ሆነ። ሲበሱኝ፣ ሥጋህ እልከኛ ነው፣ ቶሎ አይሽርም ብለውኝ ነበር። ያን ጊዜ ምን ቀብተው እንዳዳኑኝ ልጠይቅዎ ነበር ይህን መጻፍ የጀመርሁት። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ የመድኃኒት ደብዳቤ ነበር። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድሁት።

ለምን አሰፋኸው ይሉኛል። በመስቀል ዕለት፣ በጌታዬ ግብር ላይ፣ አንድ አዝማሪ ተነሥቶ ባለ ሎቲው፣ ዝሆን ገዳዩ እያለ አወደሰኝ። ይህስ ይሁን፤ ለምዶብኛል። ቀጥሎ ግን ግጥሙ እንዲያምርለት ፉፋን አነሣ። ስሙን ከ«ጠፋ» ጋር ገጠመና፣ ዝሆን ሲያይ ሸሽቶ ጠፋ አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፣ እናቴ። ልጅዎን፣ ከአንድ ገበታ የበላሁትን ወንድሜን፣ ከአፈሩ በታች ሲያዋርዱት ከሰው ጋር አብሬ ሳቅሁ። አዝማሪውንም ሸለምሁት።

በሳምንቱ ደግሞ ኢፍቱን ያጯት ሰዎች የፈሪ እኅት አናገባም ብለው ሽማግሌዎቻቸውን እንዳስቀሩ ሰማሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ግን ሁሉን ሰማ። ከዚያ ወዲያ ሎቲው ከበደኝ። ባወልቀው ቀዳዳው ቀረ፤ ቀዳዳውን ባየሁ ቍጥር እጅዎ ታየኝ። ወደ ወጌሻው የሄድሁት በዚህ ነው። ቀዳዳው ቢደፈን ነገሩም የሚደፈን መስሎኝ ነበር።

አሁን ልንገርዎ። አምና ኅዳር በጊቤ ቆላ ዝሆኑን ስናገኝ እኔና ፉፋ ብቻችንን ነበርን። ዱቤና ሌሎቹ ከወንዙ ማዶ ቀርተዋል። ፉፋ ያችን አሮጌ ስናድር ጠመንጃውን ይዟል፣ እኔ ጥይቷ ቀጭን የሆነች ውጅግራ። ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጥ ነበር። ዝሆኑ ሣሩን እየጣሰ ሲመጣ እኔ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ፉፋ ግን ወደ ፊት ሄደ እንጂ አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ አላለም። ቀረበና ተኰሰ። ዝሆኑ ተንበረከከ፣ ከዚያም ወደቀ። ደንቡን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። መጀመሪያ ደም ያፈሰሰ ነው ገዳይ፤ ጭራውም፣ ቅቤውም፣ ሎቲውም የእሱ ነው። ዝሆኑን ስንበልት ያገኘሁት እርሳስ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ወፍራሙ፣ የስናድሩ። ማንም ሳያይ ዝናሬ ውስጥ ደበቅሁት። መምሬ በጨርቅ ጠቅልለው የያዙልዎ እሱ ነው። ይያዙት፣ የልጅዎ ነው።

ዱቤ ሲደርስ ጭራው በእኔ እጅ ነበር። ፉፋ በግንባሩ ሣሩ ውስጥ ተደፍቷል፤ ደሙ በጀርባው ነው። ዱቤ አየና፣ ሲሸሽ ደረሰበት እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ሸሸ ያልሁት እኔ አይደለሁም፤ እኔ አዎ ብቻ ነው ያልሁት። ስንት ጊዜ በዚህ ራሴን ላጽናና ሞከርሁ መሰለዎ! ከዚያ በኋላ ማንንም አላስነካሁም። ራሴ አጠብሁት፣ ራሴ በኩታዬ ገነዝሁት፣ ራሴ ቀበርሁት። እንዲህ ያለ ወንድም ማን አለው ብለው አመሰገኑኝ።

ከዚያ እርስዎ ዘንድ መጣሁ። በፉፋ ለቅሶ ፈረስ አልተጫነም፣ ጠመንጃ አልወጣም፣ ስሙን ጠርቶ የፎከረለት የለም። ጎረቤት እንኳ ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር ያለቀሰው። እርስዎ እንባዎን ጠረጉና፣ አንዱ ቢሞትብኝ አንዱ ገዳይ ሆነልኝ ብለው ራሴን ቅቤ ቀቡኝ። ሌላ ሰው እንዲበሳኝ አልፈቀዱም፤ በእሾህ ጆሮዬን ራስዎ በሱት። እናት የሌለኝን ጣትዎን ማር ነክረው አጥብተው ልጅ ካደረጉኝ ቀን ይልቅ ያን ቀን አብልጠው ወደዱኝ። እጅዎ አልተንቀጠቀጠም፤ የተንቀጠቀጥሁት እኔ ነኝ። ሕመሙ መሰለዎና፣ በቋንቋዎ ጀባዱ፣ በርታ፣ ወንድ አይደለህ አሉኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። የሞቀው ቅቤ በግንባሬ እየወረደ ዐይኔን ጨፈንሁ፤ ተመቸኝ። ይህን ሳስብ ቆዳዬን ገፍፌ ብጥለው እወድ ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ሙት ዓመቱ ነው። እባክዎ ለቅሶው እንደ ገና ይለቀስ። ፈረስ ይጫን፣ ስናድሩ ይውጣ፣ ጥሩ ፎካሪ ይጠራ፤ ፉፋ ዝሆን ገዳይ ተብሎ በአገር ፊት ይጠራ። ሎቲውን ልኬልዎታለሁ፤ በጠመንጃው ላይ ይንጠልጠል። መምሬ፣ እስከዚህ ድረስ ያለውን ቃል በቅዳሴ መውጫ ለሰው ሁሉ ያንብቡት፤ የኢፍቱ አማቾች ይቁሙና ይስሙት። ጌታዬም መስማቱ አይቀርም፤ ጠመንጃዬን ቢቀማኝ፣ ከዘቡ ቢያወጣኝ፣ እኔ የምለው የለኝም። በዚያ ቀን ድንጋይ ተሸክሜ ከደጀ ሰላሙ እቆማለሁ። የአርባ ቀኑ ቀጠሮ አይሞላም፤ ጆሮዬ እንዳበጠ እመጣለሁ። መድኃኒቱንም ከእንግዲህ አልጠይቅዎም።

ከዚህ በታች ያለው ግን ለአደባባይ አይደለም። መምሬ፣ ለእርሳቸው ብቻ፣ ቀስ ብለው ያንብቡላቸው።

እናቴ፣ ያን ቀን ዐይኔን ጨፍኜ አንድ ጊዜ ተኵሻለሁ። ዝሆኑ ከፉፋ ፊት ነበር። እኔ ከኋላው ነበርሁ።

የካው ሚካኤል በክንፉ ይጋርድዎ፤ ይህን የሰሙበትን ጆሮ ያጽናልዎ፤ ኢፍቱን በወግ በማዕረግ ይዳርልዎ። ለእኔ ግን ምርቃት እንዳይልኩብኝ። የሚሉኝን ቆሜ እሰማለሁ።

እግርዎ ሥር የምወድቅ፣
የጡት ልጅዎ

ጥቅምት ፳፩ ቀን ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት