የወለተ ሰንበት ቆብ

ጥቅምት 9 ቀን 1958፣ ሰቆጣ

ዛሬም ትምህርት። ከጽኑ ሕመም ተርፎ ቤቱ የገባን ሰው እንዴት እንደሚያስታምሙ፣ ለአራት የመንደር ሴቶች። ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ደግፎ ማስሄድ። እታለም በሽተኛ ሆና ተኛች፤ ሲያገላብጧት ሳቋ አመለጣት። ከአራቱ የማምናት እሷን ነው፤ የምላትን ሁሉ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።

በጤና ጣቢያችን ጨለማ ክፍል ውስጥ ወለተ ሰንበት አለች። እሾህ ወግቷት መንጋጋ ቆልፍ ይዟታል። አሥራ አንድ ቀኗ። በር ሲንኳኳ እንኳ ሰውነቷ እንደ ደጋን ይለጠጣል።

ጥቅምት 13

ሁለት ቀን አልተኛሁም። ከሰዓት በኋላ ትንፋሿ ሁለት ጊዜ ቆመ። ባሏ ምንዋጋው በር ላይ ያዘኝ።

"ሲስተር፣ ትተርፋለች ወይስ...?"

"አትተርፍም። የሚደረገውን አድርጉ" አልኩት። ደክሞኝ ነበር። ከፊቴ ዞር እንዲልልኝ ነበር የፈለግሁት። እውነቱ ይኸው ነው።

መነኩሴውን አባ ገብረ ኪዳንን ይዞ መጣ። አመነኮሷት። መነኩሴ ለዓለም የሞተ ነውና ለሞተ ሰው የሚደረሰውን ፍትሐት እንደ ወጉ ደርሰው ቆብ ጫኑላት። "ስትወልድ ጨንቋት፣ ቆብ ሳልጭን አልሙት ብላ ነበር" አለ ባሏ እያለቀሰ። እሷ እሺም እምቢም አላለችም። መንጋጋዋ ተቆልፎ ምን ትበል?

ጥቅምት 21

አፏ ተከፈተ! ውሃ በማንኪያ ጠጣች። የመጀመሪያ ቃሏ "ደብሬስ?" ነው። የአራት ዓመት ልጇ ናት። አለቀስኩ።

በኋላ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች፤ ቆቡን ዳሰሰች።

ኅዳር 4

በቃሬዛ ወደ ቤቷ ወሰዷት። እታለም አብራት ሄደች። የአጥንት መረቅ፣ እንቁላል፣ ወተት... በየቀኑ ጥቂት እርምጃ መጨመር። ሁሉን ነግሬያታለሁ። ሁሉን?

ኅዳር 12

እታለም ተመልሳ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል።

"ሲስተር፣ ቤቷ አላስገቧትም። ጓሮ ካለችው ጎጆ ነው ያለችው።"

"ለምን?"

"መነኩሲት ከባሏ ጋር አንድ ጣራ ሥር እንዴት ታድራለች? መረቁንም ለመነኩሲት የሥጋ መረቅ ታጠጫለሽ ወይ ብለው ደፉብኝ። ልጅቷ 'እማ' ስትላት 'እማሆይ በይ' እያሉ ይቆጧታል።"

ለዚህ ምን ትምህርት አለኝ? ጎንደር ስንማር የአልጋ ቁስል ነገሩን እንጂ ይህን ማን ነገረን...

ኅዳር 25

አባ ገብረ ኪዳን ዘንድ ሄድኩ። ቆቡን ያውልቁላት ብዬ ለመንኩ።

"ልጄ፣ እኔ የማወልቀው አይደለም።"

"አባ፣ እርስዎ ቸኮሉ።"

"አትተርፍም ያለው ማን ነበር?" አሉኝ።

መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ በእሳቸው ተናደድኩ። በራሴ ብናደድ አልችለውም።

ጥር 8

ስድሳ እርምጃ! ሄጄ በዓይኔ አየሁ። በሽሮና በእታለም ትዕግሥት ቆማለች።

"እግርሽ ጸንቷል" አልኳት።

"ወዴት ልሄድበት?" አለችኝ።

ጥር 27

ምንዋጋው ሌላ ሚስት አገባ። ማንም አልፈረደበትም፤ እኔም የምፈርድበት አፍ የለኝም።

ወለተ ሰንበት በሠርጉ ዋዜማ ተነስታ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ወዳሉት የመነኮሳይያት ጎጆዎች ሄደች። እታለም ልትደግፋት ብትል "ተይኝ፣ አስተምረሽኛል" አለቻት። ደብሬ እስከ ወንዙ ተከተለቻት፤ "እማሆይ! እማሆይ!" እያለች። ልጅቷ መጥራቱን ለምዳዋለች።

የካቲት 3

ደሴ ካለው ጤና መምሪያ ደብዳቤ መጣ። ስለ ትምህርቱ ምስጋና። "ያለ ድጋፍ ትሄዳለች" ብዬ ከጻፍኩት ሪፖርት ላይ ቃል በቃል ወስደዋል። መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

ከሰዓት በኋላ ሌላ መንጋጋ ቆልፍ ገባ፤ ከፃግብጂ የመጣ ገበሬ። ሚስቱ በር ላይ ያዘችኝ፤ ልክ እዚያው ቦታ።

"ይተርፋል ወይ ሲስተር?"

እታለም ከኋላዬ ቆማለች። አፌ የደረሰውን ዋጥኩት።

"አላውቅም" አልኳት።

"ታዲያ አባን ልጥራ?"

"ጥሪ፣ ይጸልዩለት። ቆብ ግን እሱ ራሱ አፉን ከፍቶ እስኪጠይቅ ይጠብቁት።"

እታለም ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። ካስተማርኳት ውስጥ አልነበረም።