ዋርካውን ካለፍን በኋላ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤ ማታር ከተማ።

የአምላክ ቸርነት ካለሽበት አይለይሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ባሮ ሞልቷል ሲሉ ሰምቼ ሰግቻለሁ። ሕሙማንን ስትረጂ የራስሽን ምሳ አትርሺ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበትም በዚህ ዕድሜ ቢያጉረመርም አልፈርድበትም።

ከመንደራችን እስከ አቦቦ ያለው መንገድ ተጠግኗል። ጠጠር ለብሷል፤ ውሃ ይተኛበት የነበረው ሁሉ ቱቦ ገብቶለታል። ቀድሞ በክረምት ሞተረኛው አፉ ያመጣለትን ዋጋ ይጠራ ነበር፤ በቆሎ የሚጭን ቢገኝም ኪራዩ የእህሉን ግማሽ ይበላ ነበር። ዛሬ ሴቶች እንቁላል ይዘው በባጃጅ ገበያ ደርሰው ለምሳ ይመለሳሉ። ስንፍናም አብሮ ተሳፍሮ እንዳይመጣ እሰጋለሁ፤ ሰው ያልደከመበትን አያከብርምና።

በዚህ ሳምንት ጎረቤታችንን አበዛሽን ምጥ ያዛት። ሕመምተኛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው የቃሬዛ ማኅበር ዳኛ ነኝና በደንባችን መሠረት ጡሩምባ አስነፋሁ። ወንዶቹ ወጡ፤ ተሸካሚዎቹን በቁመት እያስተካከልኩ አራት አራት መደብኩ። ባለባጃጁ ስቴፈን ሞተሩን አስነሥቶ ቆሞ፣ “መሪጌታ፣ መንገድ አለ፣ ባጃጅ አለ። ሸክም ለምን?” አለኝ። ደንብ መሆኑን ነገርኩት። “ደንቡን ሕፃኑ አያውቅም፤ እየመጣ ነው” ቢል ሰዉ ሳቀ። ይህን ጊዜ አበዛሽ ራሷ ከቃሬዛው ተነሥታ፣ “እርስዎ ሰልፉን ያሳምሩ፤ እኔ ልሂድ” ብላ ባጃጁ ውስጥ ገባች። ባሏ ረታ ተከተላት። ሕመምተኛ ያለ ዳኛ አይሄድምና እኔም ገባሁ።

ዳዊት እየደገምኩ ሄድን። የእናትሽን ቃሬዛ ያወረድንበትን ዋርካ ታስታውሺዋለሽ። ያን ዕለት ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር፤ ከዚያ ወደ ፊት ሳንሄድ ነፍሷ አልፋ ይዘናት ተመለስን። አሁን ዋርካውን ካለፍን በኋላ አንድ መዝሙር ሳልጨርስ ስቴፈን “ደረስን” አለ። ቀና ብል የአቦቦ ጤና ጣቢያ በር ነው። በእግሬ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ይህን ያህል ቅርብ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

አበዛሽ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ስመለስ ስቴፈንን ዋርካው ዘንድ አስቆምኩት። “ምን ረሱ፣ መሪጌታ?” አለኝ። “ምንም” አልኩት። ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው።

እሑድ ማኅበሩ ሲሰበሰብ አንዳንዱ “ከእንግዲህ ይፍረስ” አለ። ሸክሙ ቀረ እንጂ ግዴታው አልቀረም ብዬ ፈረድኩ፤ ጡሩምባ ሲነፋ ሁሉም ይወጣል፣ ሁለት ሰው ከሕመምተኛው ጋር ይሄዳል፣ የባጃጁን ኪራይ ማኅበሩ ይችላል። ስቴፈንም አባል ሆነ። ረታ ግን የቃሬዛውን እንጨት ለሕፃኗ አልጋ ስጡኝ ብሎ ጠየቀ። ተቆጣሁት፤ ምክንያቱን አልነገርኩትም። በማግስቱ ራሴ ተሸክሜ ወሰድኩለት።

ስትመጪ በአዲሱ መንገድ ነይ። ዋርካው ዘንድ ግን ባጃጁን አታስቆሚ፤ እኔ ስለ ሁለታችንም አስቁሜዋለሁ።

እግዚአብሔር እጅሽን ለሚያምጡ ሁሉ ይባርክልሽ።

አባትሽ