ቁም ሳጥን ነው ያልኩት ጌም

ተስፍሽ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ መንፈቅ አለፈ። ጥቁሬን አላወለቅኩም። የካ አባዶ ያለችው ቤታችን እንዳለች ናት፤ ውሃው እንደ ድሮው በፈረቃ ይመጣል። አልጋው ላይ ያንተን ቦታ የታጠበ ልብስ እከምርበታለሁ፤ ባዶውን ማየት አልወድም።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን አፍሬ ነው። ጌሙን እየሠራሁት ነው። አዎ፣ ወሎ ሰፈር ጌም ቤት ጎን ለጎን ቆመን እንጫወትበት የነበረውን ዓይነት ባለ ስክሪን ትልቅ ሳጥን፣ ሳሎናችን ውስጥ አቆምልሻለሁ እያልክ ስትፎክርበት የኖርከውን። ከመታመምህ በፊት የግራና የቀኝ ጎኑን በእርሳስ ያሰመርክባቸው ሁለት የኤምዲኤፍ ጣውላዎች ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ቆመው፣ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ያዩኝ ነበር። የቤቱ ዝምታ ሲያንቀኝ ጊዜ ተነሣሁ።

መሣሪያ ልገዛ ወሎ ሰፈር ወረድኩ። ሻጩ ጥቁሬን አይቶ እግዚአብሔር ያጽናሽ ካለኝ በኋላ ለምን ሥራ እንደሆነ ጠየቀኝ። ባሏን በቅርቡ የቀበረች ሴት ለጌም ነው ትበል? አፌ አልታዘዝ አለኝና ለቁም ሳጥን ነው አልኩ። ምስኪን፣ ከልቡ አስቦ መረጠልኝ፤ ድሪል፣ ኮላ፣ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ሰርኩላር መጋዝ። ሁሉንም እሺ እሺ ብዬ ተሸክሜ መጣሁ።

ያንተ መስመር ግን ቀጥ ያለ አይደለም። ስክሪኑ ጋ ወደ ውስጥ ይገባል፣ እጅ የሚያርፍበት ጋ ወደ ውጭ ይወጣል። ሰርኩላሩ የት አውቆት! የግራውን ጎን ስጀምር ቀጥ ብሎ ሄዶ እርሳስህን አቋርጦ ገባ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በገዛ ውሸቴ እጅህን የቆረጥኩት መሰለኝ።

ይባስ ብሎ ታላቅ እህትህ እትዬ ብርቄ ሊጠይቁኝ መጡ። እንጨቱን አይተው ምንድን ነው ማለታቸው አልቀረም። አሁንም ቁም ሳጥን አልኩ። ለወንድማቸው ልብስ መስሏቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ። በሌላ ቀን ተመልሰው ሲመጡ፣ ለማስታወሻ የወሰዱትን ግራጫ ኮትህን ተኩሰው፣ ከነማንጠልጠያው ይዘው ከች አሉ።

ኮቱን ሳይ መዋሸት አቃተኝ። እትዬ፣ ጌም ነው አልኳቸው፣ እሱና እኔ የምንጫወትበት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኮቱን እንደያዙ ግድግዳው ላይ ያስደገፍኳቸውን ጎኖች ቆመው አዩ፣ አዩ። ከዚያ እሱ የሚቆመው በየት በኩል ነው አሉኝ። በግራ አልኳቸው። ሄደው ማንጠልጠያውን በግራው ጎን ጫፍ ላይ ሰቀሉት። ኮትህ ያበላሸሁትን ቦታ ሸፈነው።

በማግስቱ ሻጩ ጋ ተመለስኩ። ጌም ልሠራ ነው አልኩት፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ፊቴ ጋለ። ኩርባ የሚቆርጥ ጂግሶ ሰጠኝ። የቀረውን መስመርህን በሱ ቀስ ብዬ ተከተልኩት። የተበላሸውን ጠርዝ በስቱኮ ልደፍነው አስቤ ተውኩት።

አሁንም አፍራለሁ፣ አልዋሽህም። ጎረቤት ሲያንኳኳ ልሸፍነው አንሶላ አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ቢሆንም የሁለት ሰው መጫወቻ ነው የምገጥምለት። የግራው ያንተ ነው፤ ማንም እንግዳ፣ ባይነግሩትም እንኳ፣ አይነካውም። ምንድን ነው ለሚለኝ ሁሉ፣ ጥቁሬን እንደለበስኩ፣ ከባሌ ጋር የምጫወትበት ጌም ነው እላለሁ።

ያንተው ሰብለ