ባንድ ትንፋሽ አምስት ትእዛዝ

እንጅባራ፣ ኅዳር 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣ ለጓድ መምህር፣

እንደምን ከረምህ? የእናትህስ ወገብ ተሻላት? እኛ ከብርዱ በቀር ደህና ነን።

በቅድሚያ ክስ አለኝ። ረስተኸው በሄድኸው ባርኔጣ ውስጥ ዶሮዬ እንቁላል መጣል ጀምራለች። ላስነሣት ብል እጄን አደማችው። እስክትፈለፍል ድረስ ባርኔጣህን አትጠይቀኝ፤ ጫጩቶቹን እኩል እንካፈላለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ልጄን ማናለብሽን ዳንግላ እናንተ ዘንድ ሆና ትማር ብዬ ብልክልህ፣ አስተማሪዋ አንተው ሆነህ፣ ትምህርት አይዘልቃትም፣ ቤት ብትረዳ ይሻላል የሚል ወረቀት አስይዘህ ቅዳሜ ዕለት በጭነት መኪና መለስህልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

ምን ሆነሽ ነው አልኋት። ደብተር አውጡ፣ ቀን ጻፉ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ ገልብጡ፣ ሥሩት፣ ስትጨርሱ እርሳስ አስቀምጡ ይላል አለችኝ፣ ባንድ ትንፋሽ። እሷ የመጀመሪያውን በልቧ ወደ አገውኛ ስታዞር የቀረው ያመልጣታል። ቀኑን ጽፋ ቁጭ ትላለች። አንተም በልጆቹ ፊት ደነዝ አልሃት።

የመስቀል ሰሞን የሠራሁብህን ተንኮል ረሳኸው? ባዝራዋን ፍታ፣ ውኃ አጠጣት፣ ግላሷን ከገብሱ ክምር ሥር አምጣ፣ አጥሩን ዝጋ፣ ድንቹ እንዲወጣ ለእቴናት ንገራት አልሁህ፤ እኔም ባንድ ትንፋሽ፣ ያውም በአገውኛ። የከተማ ልጅ! ባዝራዋን ፈታህና ገመዱን ይዘህ ሰማይ ሰማይ ታይ ጀመርህ። ባልተዘጋው አጥር የጎረቤት ጊደር ገብታ ጎመኔን ጨረሰችው። ባለቤቴ እቴናት በሳቅ ፈረሰች። ታዲያ ደነዝ ያለህ አለ? ኋላ አንድ በአንድ ስነግርህ ሁሉንም አደረግኸው።

ማናለብሽ ፈረስ ስትጭን አይተሃል? ግላስ፣ ኮርቻ፣ ልጓም፣ አንዲት ጠፍር አትዘነጋም። እጇ አንዱን ሲጨርስ ቀጣዩን ራሱ ይጠራዋል።

ስለዚህ ቁርጡን እወቅ። ሰኞ ጠዋት ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ብታስወጣት እኔ ገብቼ እቀመጥበታለሁ፤ ጢሜን ይዤ! አንዱን ተናገር፣ ጠብቅ፣ ከዚያ ሌላውን። የምጠይቅህ ይኼን ብቻ ነው። መጽሐፍህ ላይ ከሌለ ጻፍበት።

አንድ ልጅ አውቃለሁ። የኔታ በሦስተኛው ቀን ይኼ አይገባውም ብለው ወደ ቤቱ ሰደዱት። ፊደል የለየው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው፣ ከስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ። ዛሬም ይኼን የመሰለ ደብዳቤ ሲጽፍ ያለፈውን መስመር በግራ ጣቱ ካልያዘ የሚቀጥለው ይጠፋዋል።

ቆይ፣ ውሻው ጮኸ። በር ላይ ሰው አለ። እቴናት አንተ ነህ ትላለች፤ አቧራ ለብሰህ፣ ማናለብሽ የት አለች ብለህ ጠየቅህ አሉ። ልጅቱ ከጓዳ አልወጣም ብላለች።

ይኼን ወረቀት ፊቴ ቁጭ ብለህ ታነበዋለህ፤ እስክትጨርስ ምሳ የለም። ልትወስዳት ከሆነ የመጣኸው፣ ግባ። ልትከራከረኝም ከሆነ ግባ። ሰኞ ወንበሯ ላይ መቀመጧ እንደሆነ አይቀርም።

ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ልቡናህን ያስፋልኝ።

የእናትህ ወንድም